ጠይቁን፦ ተስፋ ማድረጋችን ሞኝነት ነበር?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበልጡት የሚያወሩት ስለ አንድ ልጅ የግራ ክርን ነው። ስለ ጡረታ፣ ስለ ግብርና ክፍያና ስለ መኖሪያ ፈቃድ የጠየቃችሁኝን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ዛሬ ለአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ለዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊዎችና ከእነርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። ኳርተርባክ የምንለውም ማጥቃቱን የሚመራውን፣ ኳሷን የሚወረውረውን ተጫዋች ነው።

ጥያቄ፦ «አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የምኖር ታክሲ ነጂ ነኝ። በ2024 ዳን ክዊን አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣና ጄይደን ዳኒየልስ ሲመረጥ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ተራ ላይ እንደ እኔ አፉን ሞልቶ የተናገረ አልነበረም። ‹ኃይለኛ አሰልጣኝ፣ ወጣት ኳርተርባክ፣ ከእንግዲህ ዘመኑ የእኛ ነው› አልኩ። በዚያው ዓመት እውነት ሆነልኝ። ባለፈው የውድድር ዘመን ግን 5 አሸንፈን 12 ተሸነፍን፤ ልጁም ክርኑ ወለቀ። አሁን ተራ ስይዝ ይስቁብኛል። አሰልጣኙ ለስላሳ ሆኖ ነው? ወይስ ተስፋችን ከመነሻው ሞኝነት ነበር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞኝነት አልነበረም። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም። በዚህ ከተማ ተስፋ ሲለኮስ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሦስቱንም ልንገርህና አንተው ፍረድ።

የመጀመሪያው ጥር 26 ቀን 1992 ምሽት ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለት ወር አልፎኛል። መሀል ከተማ፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ ከአንድ ሰው በላይ በማይዝ የመስታወት ክፍል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። እግሬ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ ከጉልበቴ በላይ ግን ብርዱ እንዳለ ነው። ከላይ ከመንገዱ የመኪና ጥሩንባ ይሰማ ጀመር፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ከተማው በሙሉ። እኔ በመጣሁበት ዓመት፣ በመጣሁበት ከተማ፣ ሌሊት እንዲህ ያለ ጩኸት ሲሰማ በር ይዘጋ ነበርና እኔም በሬን ቆልፌ ቆምኩ። ለሁለት ወር ቁልፉን በመስኮቱ ቀዳዳ ሲወረውርልኝ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ፊቴን ያላየ ደንበኛ ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ። ሁለት መዳፎቹን መስታወቱ ላይ ለጥፎ «አሸነፍን!» አለኝ። «አሸነፉ» አላለም። እኔንም ቆጥሮ ነው ያለው። ማን ማንን እንዳሸነፈ ያወቅሁት በማግስቱ ጋዜጣ ገዝቼ ነው፤ ዋሽንግተን ቡፋሎን 37 ለ 24።

አሰልጣኝ ጆ ጊብስ በአሥር ዓመት ውስጥ ያመጣው ሦስተኛ ዋንጫ ነበር። ሦስቱንም ያመጣው በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው፤ በጆ ታይስማን፣ በዳግ ዊሊያምስና በማርክ ሪፒን። የዊሊያምስን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በጥር 1988 በሱፐር ቦውል፣ በዓመቱ የዋንጫ ጨዋታ ላይ፣ ዴንቨር 10 ለ 0 እየመራ፣ ዊሊያምስ በመጀመሪያው ሩብ ጉልበቱ ተጠምዞ ወጣ። ተመለሰ። በሁለተኛው ሩብ ብቻ 35 ነጥብ ተቆጠረ፤ ጨዋታው 42 ለ 10 አለቀ፤ ዊሊያምስም ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። እኔ ከመጣሁ በኋላ በማቆሚያው አብረውኝ የሠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ያ ታሪክ ታላቅ ነው፤ የተጎዳ ልጅ ሜዳ ውስጥ ሲቆይ አሰልጣኞቻችን በልባቸው የሚያስቡት ያንን ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተስፋ 2012 ነው። ቡድኑ ሮበርት ግሪፈን ሦስተኛውን ለማግኘት ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ ከሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ዕድል ለሴንት ሉዊስ አሳልፎ ሰጠ። ልጁ 22 ዓመቱ ነበር። አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ከዴንቨር ጋር ሁለት ሱፐር ቦውል የበላ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው። ኃይለኛ አሰልጣኝ፣ ወጣት ኳርተርባክ፤ ያኔም ያልነው ይህንኑ ነው። የመጨረሻዎቹን ሰባት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፈው ምድባቸውን መሩ። ልጁ ግን ታኅሣሥ ላይ ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ቀኝ ጉልበቱን ተጎድቶ ነበር። ጥር 6 ቀን 2013 በቡድናችን ሜዳ ላንዶቨር ላይ ከሲያትል ጋር በተደረገው ጥሎ ማለፍ በመጀመሪያው ሩብ እየመራን ያው ጉልበት ዳግም ታመመ። ከሁለት ሩብ በላይ እያነከሰ ተጫወተ። «ደህና ነኝ» ይላል ልጁ፤ አሰልጣኙም ያምነዋል። በአራተኛው ሩብ ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ ለማንሣት ጎንበስ ሲል፣ ማንም ሳይነካው ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ። 24 ለ 14 ተሸነፍን። ግሪፈን ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ የቀድሞው ግሪፈን ሆኖ አያውቅም።

ሦስተኛው ያንተው ተስፋ ነው፤ ከሁለቱም የሚበልጥ መሠረት ነበረው። በሐምሌ 2023 ቡድኑ በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ተሸጦ ከዳን ስናይደር እጅ ወጥቶ ወደ ጆሽ ሃሪስና ባልደረቦቹ ተላለፈ። በ2023 ከ17 ጨዋታ 4 ብቻ ያሸነፈ ቡድን፣ ክዊንና ዳኒየልስ በመጡበት ዓመት 12 አሸነፈ። ጥቅምት 27 ከቺካጎ ጋር የሆነውን አንተም እንደ እኔ ታስታውሳለህ። 15 ለ 12 እየተመራን፣ ሁለት ሰከንድ ቀርቶ፣ ልጁ ኳሷን ይዞ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ ጊዜ ገዛ። ከቺካጎ ተከላካዮች አንዱ ኳሷ ስትነሣ እንኳ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሲያሾፍ ነበር። ያው ሰው ዘግይቶ ሮጦ ደረሰና በጣቱ የነካት ኳስ ከሁሉም ኋላ ለቆመው ለእኛው ለኖዋ ብራውን ደረሰችው፤ አሸነፍን። አሜሪካኖች ይህን ዓይነቱን ውርወራ በእመቤታችን ጸሎት ነው የሚጠሩት፤ ቅዱስ ገብርኤል ባበሠራት ሰላምታ። እኔ ያን ዕለት መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ በሬዲዮ ስሰማ «እመቤቴ» ያልኩት ስሙን አስቤ አልነበረም።

ከዚያ ጥር ላይ ታምፓን 23 ለ 20፣ ዲትሮይትን 45 ለ 31። ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱፐር ቦውል ደጃፍ ደረስን። ፊላደልፊያ 55 ለ 23 መለሰን፤ ቢሆንም ደርሰናል። ጀማሪ ኳርተርባክ በአንድ ዓመት በሩጫ የሸፈነው ርቀት ክብረ ወሰን የግሪፈን ነበር፤ 815 ያርድ። ዳኒየልስ 891 ሮጠ። ይህን ያየ ሰው ተስፋ ባያደርግ ነበር የሚገርመኝ።

አሁን ስለ አሰልጣኙ። ክዊን ለስላሳ አይደለም። ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ተጫዋቾቹን ሲያቅፍ ስለምናይ እንዲያ ይመስለናል እንጂ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ሶልዝበሪ በሚገኘው ኮሌጅ በተከላካይ መስመር ተጫውቶ ያደገ ነው። በ2014 ሱፐር ቦውል ዴንቨርን 43 ለ 8 የደመሰሰውን የሲያትል መከላከያ ያሰለጠነው እርሱ ነው። በ2017 ደግሞ አትላንታን ይዞ 28 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ በጭማሪ ሰዓት 34 ለ 28 ተሸነፈ። በዓለም ሁሉ ፊት እንዲያ ተሸንፎ ተመልሶ የቆመ ሰው አጥንቱ ጠንካራ ነው።

የጎደለው ሌላ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ኃይለኛ ነበሩ፤ አለንጋቸውን የማያስታውስ የለም። ኃይላቸው ከሁሉ የበረታብኝ ግን በአለንጋው አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ ዳዊት ሲጀምር እኔም ልጀምር ብዬ ለመንኳቸው፤ እችላለሁ ብዬ ማልኩ። አባቴም መጥተው ለመኑልኝ። የኔታ «ወንጌሉን አልወጣም» ብለው ዝም አሉ። ወር ሙሉ አኮረፍኩ፤ ንቅንቅ አላሉም። ልጁ እየለመነ፣ አባት እየለመነ፣ ሰፈሩ እያጉረመረመ «አይሆንም» ማለት፤ እኔ ኃይለኛ የምለው ያንን ነው።

ኅዳር 2 ቀን 2025 እሑድ ሌሊት፣ ላንዶቨር፣ ሲያትል 38 ለ 7 እየመራ፣ በአራተኛው ሩብ ዳኒየልስ አሁንም ሜዳ ውስጥ ነበር። ከጡንቻ ጉዳት ገና የተመለሰ ልጅ። ሊያሸንፍ የማይችለውን ጨዋታ ሊያሸንፍ ሲሮጥ ያዙት፤ ሲወድቅ የግራ እጁ ሥሩ ቀረና ክርኑ በማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ። ልጁ ውጣ ቢባል እንደማይወጣ እናውቃለን፤ የወደድነውም ለዚህ ነው። «ተቀመጥ» ማለት የነበረበት አሰልጣኙ ነው። ክዊን ከጨዋታው በኋላ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ወሰደ። ታኅሣሥ ላይ ሚኒሶታ ውስጥ ክርኑ ዳግም ሲነካ ደግሞ ከሜዳ አወጡት፤ የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅም አልመለሱትም። 31 ለ 0 በተሸነፍንበት በዚያ ቀን እኔ ያየሁት የሚያስደስት ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ ትልቅ ነገር ነው። በታክሲ ተራው ላይ ለሚስቁብህ ይህን ንገራቸው።

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ካዛንቺስ ነው የምኖረው። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ በደወለ ቁጥር ስለ አንድ ልጅ ክርን ነው የሚያወራኝ። ቡድኑ 53 ተጫዋች አለው ይላል። ታዲያ የአንድ ሰው ክርን እንዴት ዓመቱን በሙሉ ያበላሻል? በእጅ የሚያዝ ነገርስ እንዴት ፉትቦል ይባላል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ስሙን ለእነርሱ እንተውላቸው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠሩበት ኖረዋል። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው።

በእኛ እግር ኳስ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም የቡና አማካይ ቢጎዳ ኳሷ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። በዚህ ጨዋታ ግን መንገዱ አንድ ነው። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይሰለፋሉ፤ የሚያጠቃው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ አሥር ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት፤ ካልሄደ ኳሷን ያስረክባል። በእያንዳንዱ ሙከራ ኳሷ መጀመሪያ የምትገባው በኳርተርባኩ እጅ ነው ማለት ይቻላል። እርሱ ወይ ይወረውራታል፣ ወይ ለሯጭ ይሰጣታል፣ ወይ ራሱ ይዟት ይሮጣል።

የራስ ቁሩን ከኋላ ብታዪው ትንሽ አረንጓዴ ክብ ምልክት ተለጥፎበታል። ውስጡ የድምፅ ማጉያ አለ ማለት ነው። ከአሰልጣኞቹ አንዱ ቀጣዩን ሙከራ በጆሮው ይነግረዋል። በአንዱ ሙከራና በሌላው መካከል ሰዓቱ ከ40 ሰከንድ ወደ ታች ይቆጥራል፤ 15 ሲቀረው ድምፁ ይቋረጣል። ሕጉ ነው። ከዚያ በኋላ በጆሮው ውስጥ ማንም የለም። ተጋጣሚው እንዴት እንደቆመ አይቶ፣ የተነገረውን ይዞ መሄድ ወይም በጩኸትና በምልክት መለወጥ የእርሱ ፈንታ ነው። ኳሷ በእጁ ከገባች በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢያገኝ ነው፤ ከ120 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች እየሮጡበት ነው። በዚያች ቅጽበት አምስት ጓደኞቹ የት እንደደረሱ ማየት፣ የትኛው ሊከፈት እንደሆነ መገመት፣ መወርወር።

ዳኒየልስ ከሌሎቹ የተለየው በዚህ ነው። ኮሌጅ ሳለ ጀምሮ ዓይን ላይ በሚጠለቅ የኮምፒውተር መነጽር የጨዋታውን ሙከራዎች ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ አፍጥኖ እያየ ይለማመድ ነበር፤ ሜዳ ሲገባ ሁሉም ነገር እንዲዘገይለት። የግራ ክርኑ የሚወረውርበት እጅ አይደለም፤ ሰው «ታዲያ ምን ይጎዳዋል?» የሚለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ኳሷን ከሚነጥቁት የሚሸፍናት በግራው ነው፤ ሲወድቅ መሬቱን የሚቀበለውም በእርሱ ነው። ወንድምሽ በደወለ ቁጥር ስለ እርሱ ቢያወራ አትፍረጂበት።

ጥያቄ፦ «ቦስተን የምማር ተማሪ ነኝ። ጽሑፍዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን የዋሽንግተን ፍቅርዎ ያጋድላል እላለሁ። የኛ አሰልጣኝ ማይክ ቭሬብል እውነተኛ ኃይለኛ ነው። በ2024 ኒው ኢንግላንድ 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ እርሱ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት 14 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ ሱፐር ቦውል ደረሰ። ኳርተርባካችን ድሬክ ሜይ ከዳኒየልስ ቀጥሎ የተመረጠ ልጅ ነው። ልዩነቱ አሰልጣኙ አይደለም?»

መልስ፦ ልጄ፣ ቭሬብልን አከብራለሁ። በተጫዋችነቱ ከዚያው ቡድን ጋር ሦስት ሱፐር ቦውል ያሸነፈ ሰው ነው፤ ለተጫዋቾቹ የሚነግራቸውን ሁሉ በገላው ያውቀዋል። በነሐሴ 2025 የእናንተና የእኛ ቡድን አብረው ሲለማመዱ ጠብ ተነሥቶ፣ እርሱ ራሱ ሊገላግል ገብቶ ከሥር ሆኖ ጉንጩ ደምቶ ወጣ። አሰልጣኝ እንዲያ ሲያደርግ ተጫዋች ምን እንደሚሰማው ይገባኛል። ደጋፊዎቹም ያን ፎቶግራፍ አይተው «ዓመቱ የኛ ነው» አሉ፤ አልተሳሳቱምም።

ነገር ግን የሚያዝያ 2024ን ምርጫ በሙሉ እንየው እንጂ። የመጀመሪያው ተመራጭ ኬሌብ ዊሊያምስ ነበር፤ እዚሁ ዋሽንግተን ተወልዶ እዚሁ የተማረ፣ የእኛው የከተማ ልጅ፤ ቺካጎ ወሰደው። ሁለተኛው ዳኒየልስ፣ ሦስተኛው የእናንተው ሜይ። በመጀመሪያው ዓመት ከሦስቱ የደመቀው ዳኒየልስ ብቻ ነበር። የቺካጎ አሰልጣኝ ከዚያች ጥቅምት 27 በኋላ ወር ትንሽ አልፎት ተባረረ፤ የእናንተውም ዓመቱ ሲያልቅ። በ2025 ቤን ጆንሰን ቺካጎ ገባ፤ ቭሬብል ወደ እናንተ መጣ፤ ሁለቱም ቡድኖች ተነሡ፤ የእኛ ወደቀ። አሰልጣኝ ለውጥ እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ ምስክር የለም። በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ።

የምለይህ በአንድ ነገር ነው። አንተ ኃይለኝነቱን የምትለካው በደማው ጉንጩ ነው። እኔ የምለካው ሜይ ሲወድቅ ነው። በጥሎ ማለፉ ያ ልጅ ደጋግሞ ሲጣል አይቻለሁ፤ በሱፐር ቦውሉም ከሲያትል ተከላካዮች ሥር ደጋግሞ ወጥቷል። እናንተ ጋር ጨዋታው የዋንጫ ነበርና ማንም ይውጣ አይልም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን አንድ ቀን፣ ዋንጫ በሌለበት፣ በ30 ነጥብ በምትበልጡበት ወይም በምትበለጡበት ሌሊት፣ ልጁ ልጫወት ብሎ ሲለምን ቭሬብል ምን እንደሚል ተመልከት። ያን ቀን ጻፍልኝ። የእኛን አሰልጣኝም የምጠብቀው እዚያው ላይ ነው።

ደግሞም ሜይ ከፊቱ የሚቆሙለት አምስት ሰዎች ማን እንደሆኑ ስማቸውን ለይተህ እወቅ። ደጋፊ ስለ ኳርተርባክና ስለ አሰልጣኝ ብቻ ሲያወራ እነዚያን ይረሳል፤ የልጁ ዕድሜ ግን ያለው በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ በሐምሌ 9 ዓመት ይሞላዋል። ለልደቱ የዳኒየልስን 5 ቁጥር ማሊያ ካልሆነ ሌላ አልፈልግም ብሏል። ዋጋው ከመቶ ዶላር በላይ ነው። ባለቤቴ ‹ካልቀረ ሁለት ሦስት ዓመት እንዲለብሰው ሰፋ ያለ እንግዛለት› ይላል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ባለፈው ኅዳር ያ ልጅ ክርኑ የወለቀ ሌሊት ልጄ ሲያለቅስ ነው ያደረው። እንዲህ ተስፋ እንዲያደርግ መፍቀዳችን ተገቢ ነው?»

መልስ፦ እመቤቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በ2012 መከር ላይ ልጄ የአንቺን ልጅ ያህል ነበር። የግሪፈንን 10 ቁጥር ማሊያ ፈለገ። ያኔ ሁለት ሥራ እሠራ ነበር፤ ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። እንደ ባለቤትሽ አሰብኩና ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ገዛሁ። እጅጌው ከክርኑ አልፎ ይወርዳል፤ ጫፉ ጉልበቱ ይደርሳል። እናቱ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋ በነጭ ክር ሰፋችው፤ ሲያድግ እንፈታዋለን ብለን።

ጥር 6 ያን ማሊያ ለብሶ ከእኔ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉልበቱ ሲታጠፍ ልጄ አልጮኸም። ሁለት እጆቹንና ጭንቅላቱን ወደ ማሊያው ውስጥ አስገባና እዚያው ውስጥ ቀረ። ሰፊ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ከውጭ የሚታየኝ 10 ቁጥሩ ብቻ ነበር፤ ሲተነፍስ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ የምለው ስላጣሁ እጄን ቁጥሩ ላይ አሳረፍኩ።

ማሊያው ልኩ የሆነው በ2015 ነው። በዚያ ዓመት ግሪፈን አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም፤ ዓመቱን በሙሉ ከሜዳው ዳር ቆሞ አሳለፈ። በመጋቢት 2016 ቡድኑ አሰናበተው። የጫፉን ክር የፈታው ሰው የለም። ዛሬም ልብስ ሳጥን ውስጥ እንደተሰፋ አለ።

ያ ልጄ አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ሥራ አለው። ጥቅምት 27 ቀን 2024 ላንዶቨር ስታዲየም ውስጥ ነበር፤ ትኬቱን በራሱ ደመወዝ ገዝቶ። ኖዋ ብራውን ኳሷን ከያዘ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ስከፍተው የሚሰማኝ የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ነው፤ ከመሀሉ አንድ ድምፅ «አባባ! አባባ!» ይላል። ሌላ ቃል አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። በመንገድ ዳር ቆሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ደወልኩለትና ያቺን የ2013 ምሽት ታስታውሳለህ ወይ አልኩት። ያስታውሳል። ማሊያው ውስጥ ጨለማ እንደነበረና እናቱ ያን ዕለት የቆላችው ሽምብራ ሽታ እንደሚሸተው ነገረኝ። ቀጥሎም የዳኒየልስ ክርን እንዴት እየሆነ እንደሆነ፣ ክዊን በመጪው ዓመት ከፊቱ እነማንን እንደሚያቆምለት ሃያ ደቂቃ አወራኝ።

ስለዚህ ልጅሽ ተስፋ ያድርግ። ሲያለቅስ አባቱ አጠገቡ ይቀመጥ፤ «ጨዋታ ነው፣ ምን ያስለቅሳል» አይበለው። አሮጌው አር ኤፍ ኬ ስታዲየም በነበረበት ቦታ የሚሠራው አዲሱ ስታዲየም በ2030 እንዲከፈት ታቅዷል፤ ልጅሽ ያኔ 13 ዓመቱ ነው፤ አብራችሁ ትገባላችሁ። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ሌላ ማሊያ ይገዛል።

የአሁኑን ግን ግዢለት። ሰፊውን ተዪው። ሱቅ ይዘሽው ሂጂና አስለኪው፤ ዛሬ በትከሻው ልክ የሆነውን፣ መስከረም ላይ የሚለብሰውን።